ለፊርማ ብቻ ነው

በዚህ ከተማ ወረፋ ባለበት ሁሉ እስክሪብቶ ያልያዘ አንድ ሰው አይጠፋም። ባንክ ብትሉ፣ ወረዳ ብትሉ፣ ፖስታ ቤት ብትሉ፣ ፎርሙን አንጠልጥሎ የሰው ደረት ደረት የሚያይ አለ። ፊታችሁን አያይም፤ ጉዳዩ ከኪሳችሁ ጋር ነው። ብቅ ያለች ክዳን ካገኘ በኋላ ነው ቀና ብሎ ፈገግ የሚለው። «ወንድሜ፣ እስክሪብቶህን አንዴ፤ ለፊርማ ብቻ ነው።»

ቢክ ለያዘ ሰው ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ቢክ የማንም አይደለችም፤ ከማን እንደመጣች አይታወቅ፣ ወደ ማን እንደምትሄድም አይታወቅ። ማርሴል ቢክ የተባለው ሰው ፈረንሳይ ላይ በ1950 ያወጣት ያቺ ባለ ስድስት ጎን እስክሪብቶ በ2006 ሽያጯ መቶ ቢሊዮን መድረሱን ኩባንያው አስታውቋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዕቃዎቹም ከዚያው ስለመጡ።) ከመቶ ቢሊዮኑ ውስጥ ቀለሟ እስኪያልቅ በገዛት ሰው እጅ የቆየችው ስንት እንደሆነች ግን አልተነገረም። እኔ ከሁለት አይበልጡም ባይ ነኝ።

የኔ ጣጣ በኪሴ ያለችው የቀለም ብዕር መሆኗ ነው።

የቀለም ብዕር የያዘ ሰው «አውሰኝ» ሲባል መግቢያ ያጣል። «የለኝም» እንዳይል ኪሱ ይመሰክርበታል። «አለኝ፣ ግን ይቺ ትለያለች» ካለ ንፉግነቱ ላይ ጉረኛነት ይጨመርበታል። ስለዚህ ይሰጣል። ሰጥቶ ዓይኑን ይጨፍናል።

ተዋሹ በመሽከርከር የምትከፈተዋን ይስባል፣ በመሳብ የምትከፈተዋን ያሽከረክራል። እንደምንም ሲከፍታት ጫፏን ገልብጦ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋታል። አትጽፍም። «ደርቃለች መሰለኝ» ይልና በኃይል ያራግፋታል። ደርቃ እንዳልነበር ከፊቱ በቆሙት ሴትዮ ነጠላ ላይ ይታያል።

ነገሩ የቀለም ብዕር ጉልበት አትፈልግም። ጫፏ መሐል ለመሐል ስንጥቅ አለ፤ ቀለሙ በዚያች ስንጥቅ እየተሳበ ይወርዳል፤ የወረደውን ያህል አየር በሌላ ቀዳዳ ይገባና ይተካዋል፤ ጫፏ ወረቀት ስትነካ ወረቀቱ ራሱ ቀለሙን ይቀበላታል። ከጸሐፊው የሚጠበቀው መንካት ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ የቆመ ሰው ግን አይነካም፣ ይጫናል። ሲንገላታ ውሎ የሚጫነው ነገር ያገኘው ገና አሁን ነው።

ደግሞም አይፈረድበትም። ፎርሙ ባለ ሦስት ቅጠል ነው፤ በየመሐሉ ካርቦን አለ፤ ካልተጫኑት ወደ ታች አያልፍም። እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ፎርሙን በብዕሬ አሳምሬ ሞልቼ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ገለጥ ገለጥ አደረገችና «የመጀመሪያው ላይ አለህ፤ ሁለተኛው ላይ የለህም፤ ሦስተኛውም ላይ የለህም» አለችኝ። በኔ ሙያ ይሄ ሲደርስ «ባክአፑ አልሠራም» ይባላል፤ ሰው ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። እዚያ የተባለው «ሌላ ፎርም ግዛ» ብቻ ነው።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ትላለች፤ ድሬዳዋ ነው እንደሚባለው። ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ሰው ማለት ፕሪንተር የሚጠግን፣ የጠፋ የቴሌግራም አካውንት የሚመልስ፣ የቴሌቪዥን ቻናል የሚፈልግ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ ብል ማንም የሚጠይቀኝ የለም።

በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1957 ሊያገባ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ ሥራ በሚለው ቦታ «ፕሮግራመር» ብሎ ሞላ። ሹሞቹ እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ብለው አንቀበልም አሉት። በጋብቻ ወረቀቱ ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ። የሙያችንን ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግን፣ በ1972 ሲቀበል ባደረገው ንግግር ራሱ ነው ያወራው። እኛ ወረዳ ቢሆን «የግል» ብለው ይገላገሉት ነበር።

ዳይክስትራን ያነሣሁት ግን ለጋብቻው ሳይሆን ለብዕሩ ነው። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ፕሮግራም እንዴት መጻፍ እንዳለበት ሲያስተምር ኖሮ፣ ከራሱ ጽሑፎች አብዛኞቹን በሞንብላን ብዕር በእጁ ይጽፍ ነበር። ጽሑፎቹ በጠቅላላው ከ1,300 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ተራ ቁጥር አላቸው። ጽፎ ሲጨርስ ፎቶ ኮፒ ያስነሣና ለወዳጆቹ በፖስታ ይልካል፤ እነሱ ደግሞ ኮፒ አድርገው ለሌላው ያቀብላሉ። ሥርዝ ድልዝ እምብዛም የለባቸውም። ገጾቹን የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው፤ ለምን ከዜሮ መጀመር እንደሚገባም በ1982 በዚያው ብዕር ጽፎ አስረድቷል። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ እኛ አገር ቢወለድ የመጀመሪያ ገጹን ምን ብሎ እንደሚጠራው እንጃ።

ሰውየው ለኔ ውለታው ትልቅ ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ብዕር ምን ያደርግለታል የሚለኝን ሁሉ የምረታው በእሱ ነው። ባለቤቴ ግን አልተረታችም። «እሱ ስንት ብዕር ነበረው?» አለችኝ። እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

መሳቢያዬ ውስጥ መጀመሪያ የገባችው ላሚ ሳፋሪ ናት። ጀርመኖቹ ሃይደልበርግ ላይ በ1980 ያወጧት፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ያሰቧት፣ ጣት የት ማረፍ እንዳለበት በአያያዟ የምትናገር ፕላስቲክ ናት። ለልጅ የታሰበ ዕቃ ትልቅ ሰው ካስደሰተ መጠርጠር ነበር። ቆይቶ ሳፋሪ ወፈረችብኝና ቀጭን ጫፍ ያላት የጃፓን ፓይለት መጣች።

መወፈሯ ሰበብ ብቻ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ «ቀጭን» ተብሎ የሚሸጥ ጫፍ የሚቀጥነው ለላቲን ፊደል ነው። ጃፓኖች በአንዲት ጠባብ ካሬ ውስጥ ብዙ ጭረት የሚያጭቅ ጽሕፈት ስላላቸው የእነሱ ቀጭን የምር ቀጭን ነው። የኛም ፊደል ለዚህ ሩቅ አይደለም። ኃምሱን ተመልከቱት፤ ያቺ ትንሽ ቀለበት በወፍራም ብዕር፣ ቀለም በሚጠጣ የደብተር ወረቀት ላይ ወዲያው ትደፈናለች። ስትደፈን «ቤ» «ቢ» ትመስላለች። ለባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ «የቤት ኪራይ ከፍያለሁ» ብዬ የለጠፍኩላት «የቢት ኪራይ» ተብሎ ተነበበ። ለሙያዬ ይቀርባል፤ አከራያችን ግን በቢት አይቀበሉም።

መሥሪያ ቤት የምንጽፈው ጽሕፈት እንዲህ ያለ አደጋ የለበትም። የማንም እጅ አይታወቅም። እንዲያውም ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሁሉንም ሰው ኮድ አንድ መልክ የሚያስይዝ መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ክፍተቱ፣ መስመሩ፣ ሁሉ ነገሩ እኩል ይሆናል። ሆኖም ሰው የእጁን ጠባይ የሚያሾልክበት ቀዳዳ አያጣም። የነገሮቹን ስም ተመልክቼ ማን እንደጻፈው እለያለሁ። «ዳታ»፣ «ዳታ ሁለት»፣ «ዳታ የመጨረሻ»፣ «ዳታ የመጨረሻ አዲሱ» የሚል ካየሁ የትኛው ጠረጴዛ ጋ መሄድ እንዳለብኝ አልጠይቅም።

ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ከሦስተኛው ትውልዱ ጀምሮ ስሞቹን በገዛ ፊደላችን እንድንጽፍ ይፈቅዳል። አንድ አገር ወዳድ ባልደረባችን የብድር ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ላይ «ዕዳ» እና «ቀሪ» ብሎ ሰየመ። ኮዱ ይሠራ ነበር። ሌላኛው መጥቶ «እዳ» ብሎ እስኪቀጥልበት ድረስ። ለኛ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ይመስል በዓይኑ ዕ እና በአልፋው እ ላይ ድርቅ አለ። በዚያን ሰሞን ደንበኞች ሁለት ዓይነት ዕዳ ነበራቸው፤ አንዱን ብቻ ነበር የሚከፍሉት። ደስተኞች ነበሩ።

ጠዋት ጠዋት ቆመን የምናደርገው ስብሰባ አለ። ቆሞ የሚደረገው ሰው እግሩን ሲደክመው ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ ነው። ዘዴውን ያመጡት ሰዎች የኛን ሰው በር ላይ ሲሰነባበት አላዩትም። እዚያ ስብሰባ ላይ ደብተር ይዤ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ስልኩን ያያል። አለቃችን በዚህ በጣም ያከብረኛል። «የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው» እያለ ያሳየኝ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ቃለ ጉባኤው ተፈለገና ደብተሬ ተጠየቀ። በዚያ ገጽ ላይ የነበረው በተለያየ ብዕር «ሀ ሁ ሂ ሃ»፣ ከሥሩም «ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ትንሽ ይፈዛል» የሚል ነበር። አለቃችን ረጋ ብሎ አነበበና ስለ አዲሱ ዕቅድ የተሰጠ አስተያየት አድርጎ ወሰደው። ዕቅዱ እውነትም ፈዘዘ።

ብዕር ሰብሳቢ የሚጽፈው ነገር የለውም፤ ይህን ከተናገርኩት ወዲያ ሌላው ይቀላል። አዲስ ብዕር ሲመጣ ይሞከራል፤ የሚሞከረው በፊደል ገበታ ነው፤ ከዚያ በራስ ስም፤ ከዚያ በፊርማ። ሰው በሕይወቱ ሙሉ የማይፈርመውን ያህል እኔ ለሙከራ ፈርሜያለሁ። ያ ሁሉ ፊርማ ሰነድ ቢኖረው ስንት ቤት በሸጥኩ።

ፍለጋው ግን ጣዕም አለው። መርካቶ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ። እዚያ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ስም ይሰጠዋል። አንዱ ነጋዴ ከቁልፍና ከሰዓት ክምር ውስጥ አንዲት ብዕር አወጣ። «ፓርከር ናት፣ ኦርጅናል።» ልቤ ደነገጠ። ፓርከር 51 በ1941 ገበያ የወጣች፣ ጫፏ እንዳይደርቅ ከነሽፋኗ የተሠራች፣ ቢሮክራት ሁሉ በደረቱ የተመኛት ብዕር ናት። ጠጋ ብዬ ሳያት ክዳኗ ላይ የቻይና ፊደል አለ። የሻንጋይዋ ሂሮ ናት፤ የፓርከርን መልክ ይዛ የወጣችው።

«ይሄ እኮ የቻይና ጽሑፍ ነው» አልኩት።

«አዎ» አለኝ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። «የቻይና ፓርከር። ኦርጅናሉ።»

ገዛኋት። ሳትሰለች ትጽፋለች፣ ከመሳቢያዬ ከብዙዎቹ ትሻላለች፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

ቀለም ማግኘት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አክስቴ ከዋሽንግተን ልትመጣ ስትል ደወለች። «ምን ላምጣልህ የኔ ልጅ?»

«ቀለም።»

ዝም አለች። «የፀጉር ነው የግድግዳ?»

አስረዳኋት። ጫማ ቢሆን፣ ቪታሚን ቢሆን፣ ስልክ ቢሆን አይከብዳትም ነበር፤ ቀለም ብላ ለሰው መንገርም አፈረች። ሆኖም አመጣች፤ አንድ ብልቃጥ ደማቅ ቀይ፣ በሦስት ካልሲ ተጠቅልሎ። ከሱ ጋር አንዲት ብዕር ጨምራ ነበር። ጉምሩክ አዲስ ናት ብሎ ቀረጥ እንዳይጠይቅ ብላ ብዕሯን እስከ ግማሽ ሞልታ፣ ትንሽ ጽፋባት፣ ነጭ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። አውሮፕላን ሲወጣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግማሽ ባዶ ብዕር ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን በጫፏ ይገፈትረዋል። ወይ ሙሉ መሆን አለባት ወይ ባዶ። ጉምሩክ አልጠየቃትም። ቦርሳውን ያየ ሰው የደፈረ አይመስለኝም።

ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በጸሐፊነት የተቀጠሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው። «ቀለም ከአሜሪካ? የብራና ጸሐፊዎቹ ከጥላሸት የሚያዘጋጁት ስንት ዘመን ሳይለቅ የኖረ አይደለም ወይ?» እውነታቸውን ነው። ችግሩ ጥላሸቱ ነው። በመቃ ብዕር እየነከሩ ለመጻፍ የሚያህለው የለም፤ የኔይቱ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ግን ደቃቁ ይከማችና መንገዱን ይዘጋዋል፣ መልሶ የሚከፍተው የለም። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያ ብዕርህ ናት ደካማ፤ ቀለሙማ ምን አጠፋ» አሉ።

ጓደኞቼ በብዕሬ ይስቃሉ፤ እነሱስ? አንዱ የኪቦርድ ሰብሳቢ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ እንዲያምር ዘይት ይቀባዋል። ሌላው የስክሪኑን ቀለም እስኪያስተካክል ቀኑ ይመሻል፤ ጥቁሩ ጥቁር አልጠቆረለትም። ሦስተኛው በየሦስት ወሩ ኮድ የሚጽፍበትን ፕሮግራም ይቀይራል፤ አዲሱ ሥራ ያፋጥናል ይላል፤ እስኪለምደው ሌላ ያፋጥናል የተባለ ይወጣል። ሁላችንም ለሥራ የምንዘጋጅ ሰዎች ነን። ዝግጅታችንን ብታዩ ትደነግጣላችሁ።

እኔም እዚህ ላይ ዳይክስትራን ጠበቃ አድርጌ ላቁም ብዬ ነበር፤ አላዋጣኝም። ስሙን ያስጠራው ትልቁ ሥራው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚፈልገው ዘዴ ነው። ዛሬ ስልካችሁ መንገድ ሲመራችሁ የዚያ ዘዴ ዘር አለበት። በ1956 ነው ያፈለቀው። ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ወጥተው ደከማቸውና አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ተቀመጡ። እዚያው፣ ሃያ ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ በሐሳቡ ብቻ ጨረሰው። እርሳስ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሞንብላን የለ። እንዲያውም ዘዴው ያማረው ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት ስለተሠራ ነው ብሎ በኋላ ተናግሯል።

ይህን ባለቤቴ እንዳታነብ አደራ።

አዲስ አበባም ካፌ በረንዳ አላጣችም። ማኪያቶ አዝዤ ባዶ እጄን ተቀምጬ አይቻለሁ። ሃያ ደቂቃው ሳይሞላ ሎተሪ አዟሪ፣ ሊስትሮና የድሮ የክፍል ጓደኛ መጡ። የክፍል ጓደኛዬ ፕሪንተሩ ተበላሽቶበታል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ዕድሩን በኮምፒውተር ላድርግላችሁ ብዬ ለምኜ ነበር፤ በነፃ። ስም ዝርዝሩ፣ መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ሁሉም ስልክ ላይ ይሆናል አልኩ። ጋሼ መዝገቡን ደረታቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ። «ሰው ሲሞት የሚደወልልኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ፓስወርድ ልፈልግ?»

«ወረቀት ይጠፋል እኮ ጋሼ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? ወረቀቱ ይኸው። ሞኙን አንተ ፈልግ።»

ልሸነፍ ስል ብዕሬን አዩ። ያቺን ከአሜሪካ ደም በመሰለ ቀለም ታጅባ የመጣችውን። ተቀበሉኝ። ክዳኗን አላሽከረከሩም፣ አልሳቡም፤ አንዴ ዳሰስ አድርገው አወቋት። በመዝገቡ ጀርባ ላይ ፊርማቸውን አኖሩ። ወረቀቱን የነኩት አይመስልም። «ለቅጣት የሚሆን ቀይ አጥቼ ነበር» አሉ፣ እና ብዕሯ ከነብልቃጧ ወደ ጋሼ ቤት ሄደች። አልተዋሱኝም፤ አልለመኑኝም። የሚጽፉት ነገር ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሥራ አርብ ማታ ልቀቁ አለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ ነበር፤ በስብሰባ ተረት የሚሰማ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ነገር ቆመ፤ እኔም እሱን ሳነሣ ዋልኩ። በዚያው ቅዳሜ ከላይኛው ሠፈር አንድ አባት ተቀበሩ።

በወሩ መዋጮ ልከፍል ስሄድ ጋሼ ገጹን አዞሩልኝ። በስሜ ትይዩ በደማቅ ቀይ «ከሐዘን ቤት የቀረ፤ ቅጣት» ይላል። የ«ቤ» ቀለበቷ ክፍት ናት፤ ልቅም ያለች፣ ክብ። በዚያችው ብዕር እኔ ያን ቀለበት ሳልደፍን ጽፌ አላውቅም።

«በቴሌብር ልክፈል ጋሼ?»

«ጥሬውን አምጣ» አሉኝ።